አምባዛው የተፋው ሾላ

ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ብላችሁ «የፈንቴ አሳ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ የማያሳያችሁ ሰው ለከተማው እንግዳ የሆነ ብቻ ነው። ፈንቴ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፤ ጥርሴ ሙሉ ነው፤ መነጽር አላደርግም። ይህንንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት መገናኛው ላይ ቆሜ በከባድ መኪኖች ጀርባ የተጻፈውን እያየሁ፣ ሹፌሮቹን «ምን ይላል?» እያልኩ ነው። መጀመሪያ የያዝኳት ፊደል «እ» ናት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል መኪና ስላልነበረ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላቆመኝም። የሩዝ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ሲቆምበት ከባሕር ዳር ባለሙያ ከማስመጣቱ በፊት እኔን ይጠራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ሰው መጥራት አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራዬ ግን የፎገራን ሰው አምባዛ ማስበላቴ ነው። የእኛ አገር ሰው አምባዛን ይጸየፈው ነበር። ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት የሌለውን መጽሐፍ ከልክሏል ይላል። ጢም አለው። ከውሃ ወጥቶ ግማሽ ቀን ይቆያል፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ እርጥብ ሣር ላይ በሆዱ እየተሳበ ከማሳ ማሳ ይሻገራል። እንዲህ የሚሄድ ነገር አሳ አይደለም የሚሉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ጭቃ ጭቃ ይላል የሚሉትም አሉ። እሱስ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የአሳው ሳይሆን የአጣቢው ነው። አምባዛ መታጠብ ያለበት በሕይወት እያለ ነው። ከነነፍሱ እቀበልና የጉድጓድ ውሃ በሞላሁት በርሜል እጨምረዋለሁ። ምግብ አልሰጠውም። ጠዋትና ማታ ውሃውን እቀይራለሁ። በሆዱ ያለውን ጭቃ፣ ቀንድ አውጣውን፣ የሩዝ ገለባውን ሁሉ ይተፋል። ውሃው ጠርቶ ያደረ ዕለት አሳው ለቢላ ደርሷል። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ተፈትቶ ሰው ገና ሥጋ ሳይጠግብ ነው።

ልጄን ስንዱን ያገባት ይርጋ የሚባል ገበሬ ነው። የሚኖሩት ከአሳ ቤቴ ጀርባ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ይርጋ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እኔ ስለማወራ ዝምተኛ አማች ይስማማኛል። ከእርሻ ሲመለስ መጥቶ ይቀመጥና ስለ አምባዛ አስተጣጠቤ ስነግረው ይሰማኛል። ደግሜ ብነግረውም ይሰማኛል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የርብ ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን ጣሰ። ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ሆነ። ይርጋ በሬዎቹን ሊያወጣ ሄደ። ሲመሽ በሬዎቹ ብቻቸውን ዋኝተው መጡ፤ የታሰሩበት ገመድ በቢላ ተቆርጦ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ዱላው ተንሳፎ ተገኘ። እሑድ አንድ እግር ኮንጎ ጫማው ተገኘ። እሱ አልተገኘም።

በእኛ አገር ሰው የበላ ውሃ አሳው አይበላም። ሬሳው ወጥቶ እስኪቀበር ድረስ መረብም መንጠቆም አይጣልበትም። የወረታ ሰው በደጄ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ጀመር። እኔም አሳ ቤቴን ዘጋሁ።

ሰኞ ቀን ላይ ጎበዜ በጓሮ በር ገባ። ጎበዜ ባለታንኳ ነው፤ ፍለጋውን የሚመራውም እሱ ነበር። ትከሻው ላይ ያለው ማዳበሪያ ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«አምባዛ ነው፣ አያ ፈንቴ። ድምፅ ሳያሰሙ ይያዙልኝ።»

«በዚህ ውሃ መንጠቆ ጣልክ?»

«ልጆቼ ምን ይብሉ? ከዓርብ ጀምሬ ፍለጋ ላይ ነኝ እኮ።»

«የት ያዝከው?»

«አስፋልቱ ሥር፣ ሩዙ ዳር» አለኝ። ሲለኝ የሚያየው ማዳበሪያውን ነበር።

ተቀበልኩት። አሳው ምን አደረገ? ብዬ ነው። በርሜሉን ሞልቼ ጨመርኳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ጭጋግ ግቢያችን ድረስ ገብቶ ነበር። አጥሩ አይታይም። ውሃ ልቀይር ስወጣ ስንዱ በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ከቆርቆሮው አስጠግታ አገኘኋት።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዝም ይበሉ፣ አባየ። ይሰማል።»

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። አምባዛ አየር ሊስብ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፉን ከፍቶ «እህ» ብሎ ይመለሳል። አንዱ ወጣ፤ ቆየት ብሎ ሌላው። በርሜሉ ውስጥ ሲሆን ድምፁ ይሰፋል።

«ይርጋ ሲተኛ እንዲህ ነው የሚተነፍስ» አለች።

«አምባዛ ነው፣ ልጄ።»

«አምባዛ መሆኑን አጣሁት?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ስሜን ቢጠራኝስ? ልመልስ?»

«ከውሃ የሚጠራሽን ሦስት እስኪሞላ አትመልሽ።»

ይህ በእኛ አገር ያለ ነገር ነው። ውሃ ዳር ወይም ጭጋግ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ቶሎ «አቤት» አትልም። የውሃ መንፈስ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ይዞ ይጠራል፤ ግን ሦስት ጊዜ መጥራት አልተፈቀደለትም ይባላል። በመጀመሪያው የመለሰ ተከትሎት ይሄዳል። ፎገራ ውስጥ ይህን የማያምን ሰው አላየሁም፤ እኔም እስከዚያ ጠዋት ድረስ አምን ነበር።

ግቢው መሃል ሸራ ተወጥሯል፤ ከሥሩ አልጋ ወጥቷል። አልጋው ላይ የይርጋ የዓውደ ዓመት ኮትና ሱሪ ተዘርግቷል። እጅጌው ባዶ ሆኖ እንዳይተኛ ገለባ ሞልተውበታል፤ ባርኔጣውን ከራስጌ፣ ጋቢውን በላዩ አድርገዋል። ሬሳ ያልተገኘለት ሰው እንዲህ ነው የሚለቀስለት። በጭጋጉ ውስጥ ሲታይ ግን ሰው ተኝቶ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር ቀስ ብዬ እረግጥ ነበር፤ እንዳይነቃ።

ይህን ያዘዘው የይርጋ አጎት፣ አያ ዘለቀ ነው። ከሐሙሲት መጥቶ ቤቱን የያዘው እሑድ ነው። ከአንበሳሜ የሚመጡት ዘመዶች ሲደርሱ ልቅሶው ይነሣል፤ ስንዱ ፀጉሯን ትቆረጣለች፤ ታንኳዎቹም ከውሃው ይወጣሉ። ለተለቀሰለት ሰው ፍለጋ የለም፤ ነፍሱን ማንገላታት ነው ይባላል። መቀሱ ከአልጋው እግር ሥር፣ ሰሃን ላይ ተቀምጧል። ስንዱ ከእሑድ ጀምራ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ «ፀጉሬን የቆረጣችሁ ዕለት እናንተ ናችሁ የገደላችሁት።»

ውሃውን ልደፋ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ስል ቀይ ነገር ተንሳፎ አየሁ። ቁራጭ ሥጋ መሰለኝ። ስንዱም አየችው፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እጄን ሰድጄ አወጣሁት።

የሾላ ልጣጭ ነበር። ግማሽ።

ሌላም አለ፤ ሌላም። የፎገራ አምባዛ በጎርፍ ጊዜ ምን እንደሚተፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጥቁር ጭቃ፣ ገለባ፣ ቀንድ አውጣ፣ ፌንጣ። ሾላ ሲተፋ አላየሁም። አንዱን አሳ ማየት ነበረብኝ።

ሳይታጠብ የገደልኩት አምባዛ እሱ ብቻ ነው። አመድ በእጄ ይዤ አነቅሁት፤ አለዚያ ልጋጉ አያስይዝም። ራሱን በመዶሻ መታሁት፤ ምሰሶው ላይ ያለው ሚስማር ላይ በመንጋጋው ሰቀልኩት፤ ሆዱን ከፈትኩ። ቆዳውን አልገፈፍኩም፤ ጊዜ አልነበረም። አምባዛ ሆዱ ተከፍቶም ይሠራል። እጄ ውስጡ እያለ አፉ ይከፈታል፤ ይዘጋል። የሚለው ያለው፣ ድምፅ ያጣ ይመስላል። ስንዱ ዓይኗን ከአፉ አልነቀለችም።

ጨጓራው በሾላ ልጣጭ ተወጥሮ ነበር። አንዱ እንኳ ድፍን ሾላ አልነበረም። ሁሉም ለሁለት የተከፈለ፣ ውስጡ የተፋቀ ልጣጭ ነው።

አምባዛ አያኝክም፤ ያገኘውን ይውጣል። ወፍ ሾላን ይወጋዋል እንጂ አይከፍለውም። ጦጣ ከነልጣጩ ይጎርሰዋል። ሾላን በአውራ ጣቱ ለሁለት ከፍሎ፣ ውስጡ ያለውን ተባይ እፍ ብሎ አባርሮ፣ ፍሬውን በጥርሱ ፍቆ ልጣጩን የሚጥል ሰው ብቻ ነው። ልጣጩ አልሟሟም፤ ቢበዛ የአንድ ቀን ነው። ጎርፍ በዋጠው ሜዳ ላይ ደግሞ የቆመ ሾላ አንድ ነው፤ ጥቁር ሾላ።

ጥቁር ሾላን ሰው አይጠጋውም። እንጨቱ አይለቀምም፤ ከብት አይታሰርበትም፤ ከሥሩ ድምፅ ይሰማል ይባላል። ጎበዜና ባልደረቦቹ ከዓርብ ጀምረው ሜዳውን ሁሉ ሲያስሱ ያልደረሱት እሱ ጋ ብቻ ነበር። ለምን እንዳልደረሱበትም የጠየቃቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ያውቃላ።

ልጣጮቹን በእጄ ይዤ ሸራው ሥር ገባሁ። አያ ዘለቀ ባዶው ልብስ ራስጌ ተቀምጧል።

«አያ ዘለቀ፣ ይህን ይዩ።»

«ሾላ ነው። ከየት አመጡት?»

«ከአምባዛ ሆድ።»

እጁን ሰበሰበ። «አንቱ ሰው፣ ልጃችንን የበላ አሳ እዚህ ግቢ አስቀምጠዋል?»

«ልጃችሁን አልበላም። ልጃችሁ በልቶ የጣለውን ነው የበላ።»

ልጣጩን አንድ በአንድ አሳየሁት። አየ። አላመነም ማለት አልችልም፤ ማመን ፈራ።

«ጦጣ ይሆናል» አለ።

«ጦጣ ውሃ መሃል ምን ይሠራል?»

«ጥቁር ሾላ ላይ ሾላ የሚበላው ማን እንደሆነ አንቱም ያውቃሉ። እዚያ ያለው ሰው አይደለም።» ከዚያ ፈገግ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሳምንት። «ደግሞ አሳ ሲያናግርዎ የዛሬው የመጀመሪያ አይደለም። የአንበሳሜ ሰዎች እስኪደርሱ እቆያለሁ። ከዚያ ወዲያ ልቅሶውን አልይዝም።»

ስንዱ ከኋላዬ መጣች። ከሰሃኑ መቀሱን አነሣች፤ ሄዳ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው። እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ በዚያ በርሜል እጁን የሚሰድ አልነበረም። ልጄ የእኔ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ጎበዜን መገናኛው ላይ አገኘሁትና ባጃጅ ውስጥ አስገባሁት። ልጣጩን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው፤ ከንፈሩ ነጣ።

«አስፋልቱ ሥር ሾላ የለም» አልኩት።

«የለም።»

«እንግዲህ ተናገር።»

«መንጠቆውን የጣልኩት ጥቁር ሾላ አጠገብ ነው። ማንም አያየኝም ብዬ። እሑድ ወደ ማታ ጥዬ ሰኞ ጠዋት ሳነሣ...»

«ስታነሣ ምን?»

«ጠራኝ።»

«ማን?»

«ይርጋ። በይርጋ ድምፅ። ‹ጎበዜ› አለኝ፤ አንድ ጊዜ። ከላይ ነው የመጣ፤ ከውሃ አይደለም። ሁለተኛ እስኪጠራኝ ጠበቅሁ። አልጠራኝም። ቀዘፍኩ።»

«ሳትመልስለት?»

«እርስዎ ቢሆኑ ይመልሱ ነበር፣ አያ ፈንቴ?»

ያልመለስኩት ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው።

ከውሃው ዳር ትልቋን ታንኳ ወሰድን። ጎበዜ አልሄድም አላለም፤ ግን ማተቡን ከሸሚዙ ውጭ አወጣው። ጭጋጉ በውሃው ላይ ተኝቷል። ታንኳዋ ከደንገል ሣር የተሠራች ስለሆነች ድምፅ የላትም፤ መቅዘፊያው ብቻ ይሰማል። ስንመላለስበት የኖርን ሜዳ ነው፤ ከሥራችን የማን ማሳ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አንድም ምልክት አይታይም። አንድ የጭድ ክምር ከነአናቱ ተንሳፎ በአጠገባችን አለፈ፤ ላዩ ላይ ዶሮ ተቀምጣለች፤ ዞራ እንኳ አላየችንም። ከውሃው ብቅ ያለ የአጥር እንጨት ሁሉ እባብ ተጠምጥሞበታል። የሸሸ ነገር ሁሉ የያዘውን ይዞ ዝም ብሎ ነበር። ከወረታ የሚሰማ የመኪና ጡሩምባ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዴ ከፊት ነው፤ አንዴ ከኋላ።

ጥቁር ሾላ መጀመሪያ ጥላ ሆኖ ታየ። ስንቀርብ ቅርንጫፉ ላይ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል። ሳቢሳ ወፎች ናቸው፤ አንዱም አልበረረም። ከነጫጮቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይበልጣል። ታንኳዋ ውሃው ላይ በተበተነ የሾላ ልጣጭ መካከል ገባች። ከሥራችን አምባዛዎቹ ብቅ እያሉ «እህ» ይላሉ። ጎበዜ መቅዘፉን አቆመ።

«ይርጋ» ብዬ ተጣራሁ።

መልስ የለም።

«እንመለስ፣ አያ ፈንቴ» አለኝ ጎበዜ በሹክሹክታ። «ሰው ቢሆን ይመልስ ነበር።»

«ይርጋ» አልኩ ደግሜ።

ትልቁ ነጭ ነገር ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ዓይን አየሁ። ያያል፤ አይናገርም። ጎበዜ ታንኳዋን ማዞር ጀምሯል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይርጋ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ የሚቆጥረው እኛ የምንቆጥረውን ነው።

«ይርጋ» አልኩ፤ ሦስተኛ።

«አቤት» አለ።

ድምፁ የእሱ ነበር፤ ግን የደረቀ ነበር፤ እንጨት እንደሚናገር። ጎበዜ አጎንብሶ ፊቱን በጉልበቱ መካከል ቀበረ።

«ውረድ፣ ልጄ።»

«ማን ነዎት?»

«ፈንቴ ነኝ፤ አማትህ።»

«የአያ ፈንቴን ድምፅ ከዓርብ ጀምሮ እየሰማሁ ነው። ዞር ስል የለም» አለ። «የስንዱንም ሰምቻለሁ። ጎበዜንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠራሁት፤ አልመለሰም። ሰው አይመስለኝም ነበር። ሰው ከሆኑ አምባዛ እንዴት እንደሚታጠብ ይንገሩኝ።»

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ቆሜ ግን አስተምሬ አላውቅም። ታንኳዋ ላይ ቆምኩ። ከጉድጓድ ውሃው ጀመርኩ። በርሜሉ ዘይት የነካው መሆን እንደሌለበት፣ ከላይ ክዳን እንደሚያስፈልገው፣ አለዚያ አምባዛ ዘሎ ግቢ ውስጥ ሲሳብ እንደሚገኝ ነገርኩት። ልጋጉን በአመድ፣ ከዚያ በጨው፣ መጨረሻ በሎሚ እንደማሸው፤ ሎሚው ቀድሞ ከገባ ልጋጉ እንደሚረጋ። በግራና በቀኝ ጎኑ ካለው እሾህ እንዴት እጅ እንደሚድን። ራሱን ከመታሁት በኋላ ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ አንገቱን ዙሪያውን ቆዳውን ብቻ በጥቼ፣ ጫፉን በፒንሳ ይዤ ወደ ታች እንደ ሸሚዝ እንደማወልቀው። ሐሞቱ ከፈሰሰ አሳው ሁሉ እንደሚበላሽ።

ውሃው ላይ የእኔ ድምፅ ብቻ ነበር። ወፎቹ ሳይቀሩ የሚያዳምጡ መሰለኝ። ላይ ያለው ነጭ ነገር አልተንቀሳቀሰም።

«ይህንንም» አልኩ እንደ ሁልጊዜዬ፣ «ማንም አላስተማረኝም። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጥ ሠሪ እንኳ ጠይቆኝ ነው የሄደው።»

«እርስዎ ነዎት» አለ ይርጋ። ያለቅስ ጀመር፤ መውረድም ጀመረ።

ነጩ ነገር የተከናነበው ነጠላ ነበር። እግሮቹ አብጠው፣ ቆዳው ተሸብሽቦ፣ እጆቹ በሾላ ወተት ጠቁረው ነበር። ታንኳዋ ውስጥ ሲገባ ጎበዜ ክንዱን ጨበጠው፤ ለመርዳት አይደለም፤ ሥጋ መሆኑን ለማወቅ ነው። ይርጋም መልሶ የጎበዜን ክንድ ጨበጠ። እንደዚያ ተያይዘው ዳር እስክንደርስ አልተላቀቁም፤ የቀዘፍኩት እኔ ነኝ።

ወደ ግቢያችን ስንቃረብ ልቅሶው ተነሥቶ ነበር። ይርጋ ባጃጁ ውስጥ ቀና አለ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ከዚያ አልቃሿ ስሙን ስታነሣ ሰማ። በሬዎቹን፣ ዝምታውን፣ ከወንድሞቹ ሁሉ ታዛዥ መሆኑን እያነሣች ታወርዳለች። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። «ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ።

በሩን ገፍተን ገባን። መጀመሪያ ያየን ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፤ ዝምታው እስከ ሸራው ደረሰ። ይርጋ ከአልጋው ፊት ለፊት ቆመ። ልብሱ ተኝቷል፤ እሱ ቆሟል። የትኛው ይበልጥ ሰው እንደሚመስል መማል አልችልም።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

አንድ ሰው አልመለሰም። ያ ሁሉ ዘመድ፣ የሐሙሲቱም የአንበሳሜውም፣ አያ ዘለቀም ጭምር፣ ዓይኑን አፍጦ ይጠብቃል። ይቆጥራል። ይርጋ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳውም። ራሱም መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

«ስንዱ» አለ። ቀስ ብሎ፤ አንድ ጊዜ።

«አቤት» አለች፤ ከጓሮ፣ ከበርሜሉ በኩል።

ሁለተኛ አልጠበቀችም። እየሮጠች መጣች፤ ፀጉሯ ተፈትቶ በጀርባዋ ላይ ነበር፤ ሙሉ ነበር። ከእሷ በኋላ ነው ሰው የመለሰ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ይርጋ ሾላው ላይ የፈራው እኛን ነው፤ ጎበዜ ሥሩ ሆኖ የፈራው ይርጋን ነው። ሁለቱም ሕያው ነበሩ፤ ሁለቱም የተማሩትን በትክክል አደረጉ። እኔም ለልጄ ያንኑ መክሬ ነበር፤ ምክሬን ያልሰማችው በመልካም ሰዓት ነው። የጥቁር ሾላ ድምፅ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ምንም የለም ብዬ አልጽፍም። ይርጋ የእኔንና የስንዱን ድምፅ ከዓርብ ጀምሮ ሰማሁ ብሏል፤ እኔና ስንዱ ግን እስከ ማክሰኞ ውሃው ዳር አልደረስንም። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ቢሆንም፣ ሰው በስማችሁ ሲጠራችሁ መልሱ። መንፈስ ከሆነ መልሱን ይዞ ይሂድ። ሰው ከሆነ ሁለተኛ ለመጥራት አቅም ላይኖረው ይችላል።

እንግዲህ ያን ክረምት የሠራሁትን እኔው ልቁጠር፤ ሌላ የሚቆጥርልኝ ስለሌለ።

ከአሳ ሆድ ተነሥቼ ሰው አገኘሁ።

ጥቁር ሾላ ሥር ደርሼ፣ ቆሜ፣ አስተምሬ ተመለስኩ።

መቀሱን ከበርሜሉ አወጣሁ፤ ዛሬ የአሳ ክንፍ እቆርጥበታለሁ።

ጎበዜ ጥቁር ሾላ አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየው መንጠቆ ይጥላል። ሲጥልም እየጮኸ ሰላምታ ይሰጣል፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አያ ዘለቀን አምባዛ አስበላሁ። በሚገባ የታጠበውን፣ ለልቅሶ ከመጣው ሰው ሁሉ ጋር። አውቆ ነው የበላ፤ ጨምሩልኝም ብሏል፤ ሐሙሲት ሄዶ ቢክድም።

የልጄን ፀጉር አስተረፍኩ።

ይርጋን ከዛፍ አወረድኩ። እሱ እንኳ ገና ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ስሙን ሲጠሩት ዞር ይልና ያያል፤ ከንፈሩ ይቆጥራል፤ በሦስተኛው ነበር የሚመልስ። እኔ ግን በየቀኑ እየጠራሁ አሠልጥኜው፣ ዘንድሮ በሁለተኛው ይመልሳል።